የማኅበር ማፍረስ ውሳኔን መቃወም፦ ለቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት የአማራጮች ንጽጽር

የቤቶች ኅብረት ሥራ ማኅበሩ እንዲፈርስ መወሰኑን የሰማ አባል በቅድሚያ የሚያነሳው ጥያቄ «የት ልክሰስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ከእሱ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ ውሳኔውን የሰጠው ማን ነው? አቤቱታ የሚቀርብበትን በር የሚወስነው የበደሉ ክብደት ሳይሆን የውሳኔ ሰጪው ማንነት ነው። እውነት ይዘው ወደማይመለከተው ችሎት የሄዱ አባላት መዝገባቸው ፍሬ ነገሩ ሳይታይ ይዘጋል፤ እነሱ ሌላ በር እስኪያንኳኩ ድረስም የፈረሰውን ማኅበር ንብረትና ዕዳ የሚያጣራው ሒሳብ አጣሪ ሥራውን ይቀጥላል።

ከዚህ በታች የሚነጻጸሩት መንገዶች በኢትዮጵያ፣ በተለይም በአዲስ አበባና በድሬዳዋ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 ለሚተዳደሩ የቤቶች ማኅበራት የሚሠሩ ናቸው። በክልል ያለ ማኅበር አባል አዋጁንና የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን እንዳሉ ሊከተል ይችላል፤ የአስተዳደር ውሳኔን ለማስከለስና ሥልጣን ያለውን ፍርድ ቤት ለመለየት ግን የክልሉን ሕግ ማየት ይኖርበታል። ብዙ ማኅበራት መተዳደሪያ ደንባቸውን ያጸደቁት በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 147/1991 ዘመን በመሆኑ ደንባቸው ዛሬም የተሻረውን አዋጅ አንቀጾች ይጠቅሳል። ከደንብ እየገለበጡ አቤቱታ የሚጽፉ አባላት ይህንን ቢያስተውሉ መልካም ነው።

በመጀመሪያ፦ መቃወም ያስፈልጋል ወይ?

የሸማቾች ማኅበር ሲፈርስ የሚከፋፈለው ሸቀጥ፣ የመደብር ዕቃና ጥሬ ገንዘብ ነው። የቤቶች ማኅበር ሲፈርስ ግን በማኅበሩ ስም የወጣ ካርታ፣ ያለቀ ወይም ብረቱ ገጥጦ የቆመ ሕንፃ፣ በባንክ በዝግ ሒሳብ የተቀመጠ ቁጠባ፣ ከሥራ ተቋራጭ ጋር ያልተዘጋ ክፍያ፣ አንዳንድ ጊዜም ያልተጠናቀቀ የሊዝ ዕዳ አንድ ላይ ይንጠለጠላሉ። ስለዚህ የአባሉ ጥቅም ያለው በማኅበሩ መኖር ላይ ነው ወይስ በንብረቱ ላይ የሚለው መጀመሪያ መለየት አለበት።

ቤቶቹ ተጠናቀው እያንዳንዱ አባል በስሙ ካርታ ከወሰደና ማኅበሩ ዕዳ ከሌለበት መፍረሱ የተለመደ ፍጻሜ ነው። እንዲህ ያለውን ውሳኔ መቃወም ገንዘብና ጊዜ ከማባከን ያለፈ ትርጉም የለውም፤ ስለ አጥሩ፣ ስለ ውስጥ መንገዱና ስለ ጥበቃው መነጋገር የሚበጀው ቀጥሎ በሚቋቋመው የነዋሪዎች ማኅበር ነው። በአንጻሩ ካርታው ገና በማኅበሩ ስም ከሆነ፣ ቤት የደረሰው የአባላቱ ከፊል ብቻ ከሆነ፣ ወይም ኦዲት ያልተደረገ ሒሳብ ካለ መፍረሱ በአባላቱ ስም ጥያቄ የሚያቀርበውን አካል ጭምር ሊያሳጣ ስለሚችል ነገሩን በዝምታ ማለፍ አያዋጣም።

ደግሞም «ፈርሷል» የተባለ ሁሉ የፈረሰ አይደለም። ኮሚቴው ማኅተሙን አስረክቦ ቢሮውን ቢዘጋም ልዩ ውሳኔ ካልተላለፈና ምዝገባው ካልተሰረዘ ማኅበሩ በሕግ ፊት አለ። በዚህ ሁኔታ የሚያስፈልገው አዲስ ኮሚቴ እንጂ የማፍረስ ውሳኔን የሚቃወም ክስ አይደለም። ይህንን ለማረጋገጥ ማኅበሩ ወደተመዘገበበት የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሄዶ የመዝገቡን ሁኔታ በጽሑፍ ማስረጃ መጠየቅ ይበቃል።

ውሳኔው የማን ነው?

ብዙውን ጊዜ ማኅበር የሚፈርሰው በጠቅላላ ጉባኤ ልዩ ውሳኔ ነው። ልዩ ውሳኔ ከተራ አብላጫ ድምፅ ከፍ ያለ ድምፅ፣ አስቀድሞ የተነገረ አጀንዳና የተሟላ ምልዓተ ጉባኤ ይፈልጋል። ሌላው መንገድ የአባላት ቁጥር ከሕጉ ዝቅተኛ መጠን ሲወርድ ወይም ማኅበሩ የተቋቋመበትን ግዴታ ሳይወጣ ሲቀር በመዝጋቢው ባለሥልጣን፣ ማለትም ማኅበሩን በመዘገበው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት በኩል የሚመጣ ነው። ከሁለቱ የሚያንስ ግን የማይታለፍ ሦስተኛ መንገድም አለ፤ አባሉ ሳይጠራበት በሌሎች ሰዎች ክርክር ፍርድ ቤት የሚሰጠው ውሳኔ ነው።

ማኅበሩ ከሦስቱ በአንዱ ከፈረሰ በኋላ ሒሳብ አጣሪ ይሾማል፤ የማኅበሩ ሕጋዊ ሰውነትም ለማጣራቱ ሥራ ያህል ብቻ ይቀጥላል። አጣሪው ንብረት ይቆጥራል፣ ባለዕዳን ይጠይቃል፣ ለባለገንዘብ ይከፍላል፣ የቀረውን ለአባላት ያከፋፍላል። የአባላት ድርሻ ከዕዳ በኋላ ስለሚመጣ ክርክሩ በዘገየ ቁጥር የሚተርፈው ያንሳል።

የማነጻጸሪያ መመዘኛዎች

መንገዶቹን ለመመዘን የተጠቀምኩባቸው አምስት ነጥቦች ናቸው። የመጀመሪያው የሥልጣን ጉዳይ ነው፤ የሚኬድበት አካል ይህን ውሳኔ የማየት ሥልጣን አለው ወይ? ሁለተኛው የማስቆም ጉልበቱ ነው፤ ነገሩ እስኪታይ ድረስ አጣሪውን፣ ባንኩንና የይዞታ ምዝገባ ጽሕፈት ቤቱን ማገድ ይችላል ወይ? ሦስተኛው የሚሰጠው ውጤት ነው፤ ውሳኔውን ይሽራል፣ ወደ ጉባኤው ይመልሳል ወይስ አስተያየት ብቻ ይሰጣል? አራተኛው ወጪው፣ አምስተኛው ደግሞ የሚጠይቀው የማስረጃ ዓይነት ነው።

ከአምስቱ ለእኔ ሁለተኛው ይበልጣል። ንብረቱ ለሦስተኛ ወገን ከተላለፈና ገንዘቡ ከተከፋፈለ በኋላ የሚገኝ የመሻር ፍርድ ክፍሉ ለተሸጠበት አባል ሌላ የክስ መነሻ እንጂ ቤት አይሆነውም።

ልዩ ጠቅላላ ጉባኤ መጥራት

ወጪው አነስተኛ የሆነው መንገድ ጉባኤው ራሱ ውሳኔውን እንዲሽር ማድረግ ነው። በመተዳደሪያ ደንቡ የተመለከተውን የአባላት ቁጥር ፊርማ ማሰባሰብ፣ ጥያቄውን ለሥራ አመራር ኮሚቴው በጽሑፍ ማቅረብ፣ ኮሚቴው ካልጠራ ደግሞ ተቆጣጣሪ ኮሚቴው ወይም የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤቱ እንዲጠራ መጠየቅ ነው። ጥያቄው ምን ጊዜም በደረሰኝ ወይም «ተቀብያለሁ» በሚል ፊርማ መሰጠት አለበት፤ በኋላ የውስጥ መንገዱን ተጠቅሜያለሁ ለማለት የሚያገለግለው ይኸው ወረቀት ነው።

ይህ መንገድ የሚያዋጣው ውሳኔው በጥድፊያ የተላለፈና ብዙኃኑ አባል ያልገባው ከሆነ ነው። ብዙኃኑ እያወቀ የወሰነው ከሆነ ግን አናሳውን ቁጥር የያዘው ወገን እዚህ ጊዜ ባያጠፋ ይሻላል። አጣሪ ከተሾመና ምዝገባው ከተሰረዘ በኋላ ደግሞ ስብሰባው ራሱ ሕጋዊነቱ ያከራክራል።

ለኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ወይም ኮሚሽን አቤቱታ

መዝጋቢው አካል ማኅበሩን የመመርመርና ኦዲት የማድረግ ሥልጣን አለው። ይህ አማራጭ ከሌሎቹ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ አባሉ በራሱ ሊያገኘው የማይችለውን ሰነድ ያስወጣል። የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የተቋራጩ የክፍያ ሰርተፊኬቶች፣ የስብሰባ መዝገቦች በመርማሪው ሪፖርት ላይ ከሰፈሩ በኋላ ለየትኛውም ቀጣይ ክርክር ማስረጃ ይሆናሉ። አቤቱታው ክፍያ አይጠየቅበትም፣ ጠበቃም የግድ አይፈልግም።

ድክመቱ ግልጽ ነው። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ ምዝገባውን ሰርዞ ከሆነ የገዛ ውሳኔውን እንዲመረምር መጠየቅ ነው፤ ማኅበሩን ያፈረሰው ጉባኤው ከሆነም ባለሙያዎቹ «የአባላት ጉዳይ ነው» ብለው ወደ ግልግል ይመራሉ። እንዲህም ሆኖ አቤቱታውን ሳያቀርቡ ማለፍን አልመክርም፤ ምክንያቱ ወደ ታች በሚመጣው የአስተዳደር ውሳኔ ክለሳ ሥር ይታያል።

ዕርቅና የግልግል ዳኝነት

ብዙ አባላት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን አማራጭ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። የኅብረት ሥራ ሕጉ ከአዋጅ 147/1991 ጀምሮ በአባላት መካከል፣ እንዲሁም በአባልና በማኅበሩ ወይም በኮሚቴው መካከል የሚነሱ የአደረጃጀት፣ የአመራርና የአሠራር አለመግባባቶች በቅድሚያ በዕርቅ፣ ካልሆነም በግልግል ዳኞች እንዲታዩ ያደርጋል። ፍርድ ቤት የሚደረሰው ከዚያ በኋላ ነው። የጠቅላላ ጉባኤ ውሳኔ ሕገ ወጥ ነው የሚል ክርክር በአብዛኛው የሚወድቀው በዚህ ክልል ውስጥ ነው።

አባሉ ይህንን አልፎ በቀጥታ ቢከስስ ተከሳሹ የሚያነሳው መቃወሚያ ዝግጁ ነው። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 244 ከዘረዘራቸው የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያዎች አንዱ ጉዳዩ በግልግል መታየት ያለበት መሆኑ ነው። ፍርድ ቤቱ መቃወሚያውን ከተቀበለ መዝገቡን ይዘጋል፤ እግድ ተሰጥቶ ከነበረም አብሮ ይነሳል። እግድ በተነሳ ማግስት ባንክ ቤት የሚገኘው ማን እንደሆነ ለመገመት አያስቸግርም።

በሌላ በኩል ግልግል ሁሉንም አይችልም። የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1237/2013 በግልግል የማይታዩ ብሎ ከዘረዘራቸው ጉዳዮች መካከል ሊዝን ጨምሮ ማንኛውም የመሬት ጉዳይ፣ የንግድ ማኅበር መፍረስ ውሳኔ፣ እንዲሁም በሕግ ለአስተዳደር አካል የተሰጠ የአስተዳደር ክርክር ይገኙበታል። የኅብረት ሥራ ማኅበር የንግድ ማኅበር ስላልሆነ ስለ መፍረስ የሚናገረው ክልከላ አይመለከተውም ብሎ መከራከር ይቻላል፣ የኅብረት ሥራ ሕጉም ለዚህ ይደግፋል። የመሬቱ ክልከላ ግን በቤቶች ማኅበር ላይ ከባድ ነው። «የጉባኤው ውሳኔ ደንቡን ተላልፏልና ይሻር» የሚል ጥያቄ ለግልግል ይመቻል፤ «ከማኅበሩ ካርታ የእኔ ድርሻ ተነጥሎ ይሰጠኝ» ወይም «ለሌላ የተላለፈው ይዞታ ይመለስ» የሚል ጥያቄ ግን ወደ ፍርድ ቤት ይጎትታል። አቤቱታ ሲጻፍ ሁለቱን መለያየት የጠበቃው የመጀመሪያ ሥራ መሆን አለበት ብዬ አምናለሁ፤ የተደባለቀ አቤቱታ ከሁለቱም በር ይመለሳል።

የማስቆም ጉልበቱን በተመለከተ የግልግል ጉባኤው ጊዜያዊ የመጠበቂያ እርምጃ ሊወስድ ይችላል፣ ጉባኤው እስኪቋቋምም ፍርድ ቤት እንዲረዳ መጠየቅ ይቻላል። ባንክና የመንግሥት መሥሪያ ቤት በተግባር በቶሎ የሚታዘዙት ግን የፍርድ ቤት ማኅተም ያለበትን ትእዛዝ ነው። ወጪውም ከአቤቱታ ይበልጣል፤ የዳኞቹን አበል ሁለቱ ወገኖች ስለሚጋሩ በቁጥር ትንሽ ለሆኑ አባላት ሊከብድ ይችላል።

መደበኛ ክስና እግድ

ፍርድ ቤት ተገቢው በር የሚሆነው የክርክሩ ፍሬ ነገር የይዞታ ወይም የንብረት ሲሆን፣ ተከሳሾቹ ከማኅበሩ ውጭ ያሉ ሰዎች ማለትም ገዢ፣ ተቋራጭ ወይም ባንክ ሲሆኑ፣ ወይም የግልግሉ ደረጃ አልፎ ውጤት ሲያጣ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት ግምቱ እስከ 10 ሚሊዮን ብር የሆነ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ለፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ፣ ከዚያ በላይ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርባል። አንድ ብሎክ ሕንፃ ያለው ማኅበር በቀላሉ ከዚህ ያልፋል፤ የአንድ አባል ድርሻ ግን ላያልፍ ይችላል። ግምቱን ሳያስቡ መጻፍ መዝገቡን ከችሎት ችሎት ያዞረዋል።

የዚህ መንገድ ዋና ጥቅም እግዱ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት ክርክር የተነሳበት ንብረት ሊባክን፣ ሊበላሽ ወይም ሊተላለፍ የሚችል መሆኑ በቃለ መሐላ ወይም በሌላ ማስረጃ ሲታይ ፍርድ ቤቱ ጊዜያዊ የእግድ ትእዛዝ ሊሰጥ ይችላል። «ማኅበሩ እንዳይፈርስ ይታገድልኝ» የሚል ጥቅል ጥያቄ ደካማ ነው። ጠንካራው ጥያቄ የትኛው የካርታ ቁጥር እንዳይዛወር፣ በየትኛው ባንክ የትኛው የሒሳብ ቁጥር እንዳይንቀሳቀስ፣ አጣሪውም የትኛውን ተግባር እንዳይፈጽም ለይቶ ይጠይቃል። ትእዛዙ ከተሰጠ በኋላ ለባንኩ ቅርንጫፍና ለይዞታ ምዝገባው ማድረስ፣ የደረሰበትንም ቀን በማኅተም ማስያዝ የከሳሹ ሥራ ነው።

አባላት በርከት ካሉ በአንቀጽ 38 መሠረት አንድ ዓይነት ጥቅም ያላቸው ሰዎች በስምምነታቸው ከመካከላቸው ጥቂቶችን ተወካይ አድርገው ሊከስሱ ይችላሉ፤ ይህ የጠበቃውን ክፍያ ያከፋፍላል። ማኅበሩ የፈረሰው አባሉ ባልተጠራበት የፍርድ ቤት ውሳኔ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልገው አዲስ ክስ አይደለም፤ በአንቀጽ 358 መሠረት ፍርዱ ከመፈጸሙ በፊት ለዚያው ፍርድ ቤት መቃወሚያ ማቅረብ ነው። «ከመፈጸሙ በፊት» የሚለው ገደብ ጥብቅ ስለሆነ አባሉ ፍርዱን ባወቀበት ሳምንት መንቀሳቀስ ይኖርበታል። ተከራካሪ ሆኖ የተረታ ወገን ይግባኙን በ60 ቀን ውስጥ ያቀርባል፤ ይግባኝ ማቅረብ ብቻውን ግን አፈጻጸምን ስለማያቆም የማገጃ ትእዛዝ ለብቻው መጠየቅ አለበት።

የዳኝነት ክፍያው በሚጠየቀው ገንዘብ ልክ ከፍ ይላል። መክፈል የማይችል አባል አቅም እንደሌለው አስረድቶ በአንቀጽ 467 መሠረት ሳይከፍል ለመክሰስ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ከተረታ ግን የተቃራኒ ወገን ወጪ ሊጣልበት እንደሚችል ማወቅ አለበት።

የአስተዳደር ውሳኔ ክለሳ

ምዝገባውን የሰረዘው መዝጋቢው ባለሥልጣን ከሆነ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ሌላ በር ይከፍታል። አዋጁ የፌዴራል አስፈጻሚ አካላትን፣ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ከተማ አስተዳደሮችንም ይጨምራል፤ ክለሳውን የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። እዚህ የሚመረመረው ባለሥልጣኑ ሥልጣኑን አልፎ እንደሆነ፣ አባላቱን ወይም ማኅበሩን ሳይሰማ ወስኖ እንደሆነ፣ ምክንያቱን በጽሑፍ ሰጥቶ እንደሆነ ነው።

ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች ብዙዎችን ይጥላሉ። በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ያለው የቅሬታ መንገድ ተሟጦ መገኘት አለበት፤ ከላይ አቤቱታውን አትዝለሉ ያልኩት ለዚህ ነው። የማመልከቻው የጊዜ ገደብም ከመደበኛ ክስ በጣም ያጠረ ስለሆነ የስረዛ ደብዳቤው በደረሰበት ቀን መቁጠር መጀመር ያስፈልጋል። ውጤቱ ውሳኔው ተሽሮ ወደ ባለሥልጣኑ መመለስ ሊሆን ስለሚችል አባሉ ቤትም ገንዘብም ወዲያውኑ አያገኝም፤ ማኅበሩ ግን ነፍስ ይዘራል፤ በማኅበሩ ስም ያለው መብትም አብሮ ይቀጥላል።

መፍረሱን ትቶ ማጣራቱን መከራከር

ክብር አይሰጠውም እንጂ ለብዙ አባል የሚያዋጣው ይኼ ነው። አባሉ መፍረሱን ተቀብሎ ለሒሳብ አጣሪው ጥያቄውን በጽሑፍ ያስመዘግባል፤ የከፈለውን መዋጮና ቁጠባ በደረሰኝ ያረጋግጣል፣ የንብረት ቆጠራውን ቅጂ ይጠይቃል፣ በክፍፍል ሠንጠረዡ ላይ ተቃውሞ ያቀርባል። አጣሪው ቅር ካሰኘው ለሾመው አካል ያመለክታል፣ ካልሆነም በአጣሪው ተግባር ላይ ብቻ ተወስኖ ይከስሳል። ክርክሩ ጠባብ ስለሆነ ፈጣን ነው፤ ማኅበሩን ለማዳን ግን አይረዳም።

ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማመልከት በነጻ የሚገኝ ተጨማሪ በር ነው፤ የሚሰጠው የመፍትሔ ሐሳብ ስለሆነና በፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ስለማያይ ከሌሎቹ ጎን እንጂ በምትካቸው አይቆምም። ሐሰተኛ ፊርማ ወይም የገንዘብ ምዝበራ ካለ የወንጀል አቤቱታ ይቀርባል፤ የወንጀል ምርመራ ግን በራሱ ማፍረሱን አያቆምም።

ማስረጃው

በሁሉም መንገድ ላይ ክርክሩ የሚዞረው በቃለ ጉባኤው ዙሪያ ነው። ቃለ ጉባኤ ሁለት ክፍል አለው፤ ውሳኔው የተጻፈበት ገጽና የፊርማ ዝርዝሩ። የፊርማው ገጽ ራስጌ ከሌለው፣ ቀንና አጀንዳ ካልሰፈረበት፣ በስቴፕለር ከኋላ የተያያዘ ብቻ ከሆነ፣ ለሌላ ስብሰባ የተፈረመ ሊሆን ይችላል። ተራ ቁጥሩ መሐል ላይ ከተቋረጠ ወይም ተከታታይ ስሞች በአንድ እጅ የተጻፉ ከመሰሉ ዋናው ሰነድ እንዲቀርብና ፊርማው በባለሙያ እንዲመረመር ይጠየቃል። በዕለቱ ውጭ አገር የነበረ አባል ፊርማ ካለበት በፓስፖርቱ ላይ ያለው የመውጫና የመግቢያ ማኅተም ከብዙ ምስክር ይበልጣል። በሞተ አባል ቦታ ወራሽ ፈርሞ ከሆነ ደግሞ የወራሽነት ማረጋገጫው ቀን ከስብሰባው በፊት መሆኑ ይታይ።

ከዚያ ቀጥሎ የጥሪው ማስረጃ ይመጣል። በግንባታው ጥበቃ ቤት በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ በደንቡ መሠረት በቂ ነው ወይ? በቴሌግራም ቡድን የተላለፈ መልእክት አጀንዳውን ለይቶ ይጠቅሳል ወይስ «አስቸኳይ ስብሰባ» ብቻ ይላል? የማፍረስ አጀንዳ «ልዩ ልዩ» በሚል ርእስ ሥር ከገባ ልዩ ውሳኔው በጠንካራ መሠረት ላይ አልቆመም።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| አማራጭ | የሚመቸው ውሳኔ | የማስቆም ጉልበት | የሚገኘው ውጤት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| ልዩ ጠቅላላ ጉባኤ | የጉባኤ ውሳኔ፣ አጣሪ ከመሾሙ በፊት | የለውም | ጉባኤው ውሳኔውን ይሽራል | በጣም አነስተኛ |
| ለመዝጋቢው አቤቱታ | የጉባኤም የመዝጋቢውም ውሳኔ፣ በተለይ ሰነድ ሲጎድል | ውስን | ምርመራ፣ ኦዲት | አነስተኛ |
| ዕርቅና ግልግል | የጉባኤ ወይም የኮሚቴ ውሳኔ | መካከለኛ | ውሳኔውን መሻር | መካከለኛ |
| መደበኛ ክስ | የይዞታ፣ የንብረትና የሦስተኛ ወገን ክርክር | ከፍተኛ | መሻር፣ ንብረት ማስመለስ፣ ካሣ | ከፍተኛ |
| መቃወሚያ በአንቀጽ 358 | ያልተጠሩበት ፍርድ | ፍርዱ ካልተፈጸመ ብቻ | ፍርዱ እንደገና ይታያል | መካከለኛ |
| የአስተዳደር ክለሳ | የመዝጋቢው ስረዛ | ሲጠየቅና ሲፈቀድ | ስረዛው ይሻራል | መካከለኛ |
| በማጣራቱ ላይ መከራከር | ማንኛውም | በክፍፍሉ ላይ ብቻ | ድርሻ በገንዘብ ወይም በዓይነት | አነስተኛ |

እንደ ሁኔታው

አቅሙ አነስተኛ የሆነና በማኅበሩ ውስጥ የሚጠይቀው ቁጠባውን ብቻ የሆነ አባል በአጣሪው ዘንድ ጥያቄውን አስመዝግቦ፣ ጎን ለጎን ለጽሕፈት ቤቱ የኦዲት አቤቱታ ቢያስገባ ይበቃዋል። ካርታው በማኅበሩ ስም እያለ ቤቱን ግን ገብቶ የሚኖርበት አባል የተለየ ነው፤ እሱ እግድ ያስፈልገዋል፣ እግድም በፍርድ ቤት በኩል የይዞታ ጥያቄ ይዞ ቢመጣ ይሻላል። ከአባላቱ ሲሶ የሚሆኑትና በአንድነት የቆሙት ወገኖች ወጪ ስለሚካፈሉ ግልግሉን በጉባኤው ውሳኔ ላይ፣ ክሱን በንብረቱ ላይ ለያይተው በአንድ ጊዜ ማካሄድ ይችላሉ። ሁለቱ አቤቱታዎች አንድ ዓይነት ዳኝነት እንዳይጠይቁ ግን ቃል በቃል እየተነጻጸሩ መታየት አለባቸው፤ ተመሳሳይ ከሆኑ ጉዳዩ በሌላ ቦታ ተይዟል የሚል መቃወሚያ ይጋብዛሉ።

ከማኅበሩ የተሰናበተ ወይም የተባረረ አባል ማፍረሱን ከመቃወሙ በፊት በክርክሩ ላይ መብት ወይም ጥቅም ያለው መሆኑን ማሳየት ይጠበቅበታል፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 33 የተመለከተው ይህ መስፈርት ስላለ የእሱ ጠንካራ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የመዋጮ ተመላሽ ነው።

በዋሽንግተን፣ በዱባይ ወይም በቴል አቪቭ ሆነው ቁጠባ ሲልኩ ለኖሩ አባላት ቁልፉ ውክልናው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2205 መሠረት ጠቅላላ ውክልና የያዘ ሰው ያለ ልዩ ሥልጣን የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥም፣ መታረቅም፣ በግልግል ለመዳኘት መስማማትም፣ መክሰስም ሆነ ተከሶ መከራከር አይችልም። ለወንድም ወይም ለእህት «በማኅበሩ ጉዳይ ሁሉ ይወክለኛል» ተብሎ የተሰጠ ወረቀት ስብሰባ ለመግባት ሊጠቅም ይችላል፤ ክስ ለመክፈት ግን አይበቃም። ስለዚህ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ የሚሰጠው ውክልና ማኅበሩን በስሙ ጠቅሶ መክሰስን፣ መልስ መስጠትን፣ ይግባኝን፣ ዕርቅን፣ ግልግልንና ጠበቃ መወከልን አንድ በአንድ ይዘርዝር፤ ከዚያም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አልፎ አገር ቤት ላለው ሰው እስኪደርስ የሚወስደው ጊዜ ከይግባኙና ከክለሳው ቀነ ገደብ ላይ ተቀንሶ ይታሰብ።